ያልተቀባ፣ ያልሞተ ሴል ውስጥ ስብን ማየት

እናቴ በደወለች ቁጥር የምትጠይቀኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ዛሬም እዚያ ጨለማ ቤት ነሽ?» አዎ፣ እዚያው ነኝ። አሜሪካ ውስጥ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የማይክሮስኮፕ ክፍል ነው የምሠራው። ክፍሉ መስኮት የለውም። መብራቱም እንደጠፋ ነው የሚውለው። አዲስ ተማሪ ሲመጣ ማሽኑን የማስተምረው እኔ ነኝ።

በቅርቡ ከአራት ኪሎ በኬሚስትሪ የተመረቀ ልጅ መጣልን። ሁለት ቀን አጠገቤ ቆሞ ሲመለከት ቆየና «እትዬ፣ ይሄን ሁሉ በአማርኛ ብትጽፊልኝ ምን አለበት?» አለኝ። ይኸው።

እዚያ ክፍል ውስጥ የምናየው ቦንድ ነው። ካርቦንና ሃይድሮጅን የተያያዙበትን ኬሚካላዊ ትስስር፣ በሕይወት ባለ ሴል ውስጥ፣ ሴሉን ምንም ሳንቀባ እናያለን። ዘዴው ስቲሙሌትድ ራማን ስካተሪንግ ይባላል። ስሙ ስለሚረዝም ኤስአርኤስ እንለዋለን።

መጀመሪያ ክራሩን

ቦንድን የክራር ክር አድርጋችሁ አስቡት። ክሩ ሲወጠር ድምፁ ይቀጥናል። ክሩ ሲወፍርና ሲከብድ ደግሞ ድምፁ ይወርዳል። አቶሞችም እንዲሁ ናቸው። ሃይድሮጅን ቀላል ስለሆነ ከካርቦን ጋር ሲያያዝ ቀጭን ቃና አለው። ኬሚስቶች ይህን ቃና በአንድ ሴንቲሜትር ውስጥ በሚገቡ ሞገዶች ብዛት ይለኩታል። የካርቦንና የሃይድሮጅን ቦንድ 2900 አካባቢ ነው። ሃይድሮጅኑን በዲዩተሪየም፣ ማለትም ክብደቱ እጥፍ በሆነው ወንድሙ ብትተኩት ቃናው ወደ 2100 አካባቢ ይወርዳል። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ቦንዱን የምንመታው በሁለት ሌዘር ነው። የአንዱ ቃና ከሌላው ተቀንሶ የሚተርፈው ልክ የቦንዱን ቃና ያህል ከሆነ፣ ቦንዱ ይነዝራል። ያኔ ከአንደኛው ሌዘር ትንሽ ብርሃን ይጎድላል። የምንለካው ያንን ጉድለት ነው። ጉድለቱ ደግሞ በጣም ትንሽ ነው፤ ሴል ውስጥ ከ10 ሺህ አንድ እጅ እንኳ የማይሞላበት ጊዜ ይበዛል።

ራማን የሰው ስም ነው። ሕንዳዊው ሲ. ቪ. ራማን ብርሃን ከሞለኪውል ጋር ተጋጭቶ ሲመለስ ጥቂቱ ቀለሙን እንደሚቀይር በ1928 ኮልካታ ላይ አሳየ። በ1930 ኖቤል ተሸለመ። ችግሩ ያ «ጥቂቱ» እጅግ ጥቂት መሆኑ ነው። በተራ ራማን የአንድ ሴል ምስል ለማንሳት ብዙ ደቂቃ፣ አንዳንዴም ሰዓታት ይፈጃል። እስከዚያ ሴሉ ሄዷል። በ2008 የሃርቫርዱ የሰኒ ሺዬ ቡድን በሁለት ሌዘር ቦንዱን «እየገፋ» ምስል ማንሳት እንደሚቻል አሳተመ። ዛሬ አንድ ምስል በአንድ ሰከንድ ገደማ ይነሣል።

«ቀለም መቀባት ምን አነሰውና?» ትሉኝ ይሆናል። ለትልልቅ ፕሮቲን አያንስም። ለምልክትነት የሚለጠፈው አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን 238 አሚኖ አሲድ አለው፤ ትልቅ ፕሮቲን ላይ ቢለጠፍ ብዙም አይከብድም። አንድ የተለመደ የስብ አሲድ ግን 16 ካርቦን ገደማ ብቻ ነው። እሱ ላይ የሚያበራ ቀለም መለጠፍ የድመት ግልገል አንገት ላይ የበሬ ቃጭል አንጠልጥሎ፣ ድመት እንዴት እንደምትራመድ እንደማጥናት ነው። ግልገሏ ትራመዳለች፤ አረማመዷ ግን የድመት አይደለም።

ዓይናችሁን

ከምንጠቀማቸው ሁለት ሌዘሮች የአንዱ የሞገድ ርዝመት 1064 ናኖሜትር ነው፤ ዓይን ጨርሶ አያየውም። ሌላው 800 አካባቢ ነው፤ ደብዘዝ ያለ ቀይ ሆኖ ይታያል። ደብዛዛ መሆኑ አያታላችሁ። ደብዛዛ የሆነው ዓይናችን ለዚያ ቀለም ሰነፍ ስለሆነ እንጂ ሌዘሩ ደካማ ስለሆነ አይደለም። መነጽር አድርጉ። ቀለበትና የእጅ ሰዓት አውልቁ። ወድቆ የተንከባለለ ብሎን ለማንሳት ስታጎነብሱ ዓይናችሁ ልክ በጨረሩ ከፍታ ያልፋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሌዘሩን ዝጉ። ሀበሻ ተማሪ ሲመጣ ደግሞ አንድ እጨምራለሁ። ማተባችሁ ላይ የብር መስቀል ካለ ሸሚዛችሁ ውስጥ ክተቱት። ጎንበስ ስትሉ ተንጠልጥሎ ጨረሩን ከነካ የት እንደሚልከው አይታወቅም።

ሌዘሩን መቃኘት

ስሌቱ የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ነው። አንድ ሴንቲሜትር 10 ሚሊዮን ናኖሜትር ነው። ስለዚህ 10 ሚሊዮንን ለ1064 አካፍሉ፤ 9398 ይመጣል። የምትፈልጉትን የቦንድ ቃና ደምሩበት። ለስብ 2845 ነው፤ ድምሩ 12243። 10 ሚሊዮንን መልሳችሁ ለዚህ አካፍሉ። 817 ናኖሜትር ገደማ ይመጣል። ሁለተኛውን ሌዘር እዚያ ቃኙት። ለፕሮቲን 2930 ነው፤ ሌዘሩ ወደ 811 ይወርዳል። በ6 ናኖሜትር ልዩነት ከስብ ወደ ፕሮቲን ተሻገራችሁ ማለት ነው።

ቃናው ብቻውን አይበቃም። ሁለቱ ጨረሮች በአንድ ቦታ፣ በአንድ ጊዜ መገናኘት አለባቸው። ሌዘሮቹ የማያቋርጥ ብርሃን አይደሉም። በሰከንድ 80 ሚሊዮን ጊዜ ብልጭ ይላሉ፤ እያንዳንዷ ብልጭታ የምትቆየው ጥቂት ፒኮሰከንድ (የሰከንድ ትሪሊዮንኛ) ነው። በአንድ ፒኮሰከንድ ብርሃን የሚሄደው 0.3 ሚሊሜትር ነው። አንዱ ጨረር ከሌላው በጥቂት ሚሊሜትር ቢዘገይ አይገናኙም፤ ማያው ላይ የምታዩት ጨለማ ብቻ ይሆናል። አዲስ ተማሪ ግማሽ ቀን የሚጠፋው እዚህ ነው። «ማሽኑ ተበላሽቷል» ብሎ ይጠራኛል። ማሽኑ ደህና ነው፤ ብልጭታዎቹ ተላልፈው ነው።

ለዚህ ሥራ ሴል አትጠቀሙ። ስላይድ ላይ አንዲት ጠብታ የምግብ ዘይት አድርጉና በስስ መስታወት ሸፍኑ። ዘይት በካርቦንና በሃይድሮጅን ቦንድ የታጨቀ ነው። ሌዘሩን 817 ላይ አድርጉ። የማዘግያውን መስታወት፣ ማለትም የአንዱን ጨረር መንገድ የሚያረዝመውንና የሚያሳጥረውን፣ በቀስታ፣ በአሥረኛ ሚሊሜትር እየገፋችሁ ማያውን እዩ። ድንገት ይበራል። ብርሃኑ ጫፍ ላይ የደረሰበትን ቁጥር ደብተራችሁ ላይ ጻፉት። ነገ ያስፈልጋችኋል።

ዘይቱ ግን ጥርት ያለ ይሁን። እኔ በጀማሪነቴ ከሲልቨር ስፕሪንግ ያመጣሁት ንጥር ቅቤ ነበረኝና «የኛም ቅቤ ይሞከር» ብዬ ስላይድ ላይ አደረግኩት። ሲጀምር ያምር ነበር። ከዚያ ሌዘሩ የኮረሪማ ይሁን የኮሰረት ብናኝ ላይ ሲደርስ ቅቤው ተንጨረጨረ። አረፋ አወጣ። ጥቁር ነጥብ ተረፈ። ቀለም ያለው ነገር ብርሃኑን ውጦ ይሞቃል፤ ቅመሙ በትንሹ ድስት ላይ ነበር ማለት ነው። ያን ቀን ተሳቀብኝ፤ ትምህርቱ ግን ጠቀመኝ። ቀይ የደም ሴልና ሜላኒን ያለበት የቆዳ ሴል ላይ ስትሠሩ የሚጠብቃችሁ ያው ቅቤው ነው። እዚያ ኃይሉን ቀንሱ።

ሎክ-ኢን አምፕሊፋየር ስለሚባለው ሳጥን አንድ ነገር ልበል። ያችን ከ10 ሺህ አንድ የማትሞላ ጉድለት ከሌዘሩ የራሱ ጫጫታ የሚለያት እሱ ነው። 1064ቱን ሌዘር በሰከንድ 20 ሚሊዮን ጊዜ ገደማ እናበራዋለን፣ እናጠፋዋለን። ሳጥኑ የሚሰማው በዚያው ምት የሚመጣውን ለውጥ ብቻ ነው። መርካቶ መሀል ቆማችሁ ሁሉም ሰው እያወራ ወያላው «ፒያሳ፣ ፒያሳ፣ ፒያሳ» ሲል ጆሯችሁ እሱን ይለያል አይደል? እንደዚያ ነው። ከሳጥኑ በፊት ያለው ማጣሪያ 1064ቱን ሙሉ በሙሉ ማገዱን አረጋግጡ። ካላገደ ወያላው ራሱ ጆሯችሁ ውስጥ ገብቶ ነው የሚጮኸው።

ሴሉ

ለመጀመሪያ ጊዜ ሂላ ሴል ውሰዱ። በየላብራቶሪው ይገኛል፣ ቶሎ ያድጋል፣ ብዙ አያስቸግርም። ከሄንሪታ ላክስ ሰውነት በ1951 ባልቲሞር ውስጥ ሳትጠየቅ የተወሰደ ሴል መሆኑን ግን እየያዛችሁት አስታውሱ። እኔ ተማሪዎቼን ሳልነግር ሳህኑን አልሰጣቸውም።

ሴሉን 0.17 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ስስ መስታወት ላይ አሳድጉት። የፕላስቲክ ሳህን አይሆንም። ፕላስቲክ ራሱ የካርቦንና የሃይድሮጅን ቦንድ ክምር ነው፤ ከሴሉ በላይ የሚያበራው ሳህኑ ይሆናል። ማሳደጊያ ፈሳሹም ያ ቀይ ቀለም የሌለበት ይሁን፤ ፌኖል ሬድ ብርሃን ይውጣል። መስታወቱን ገልብጣችሁ፣ ሴሉ ወደ ውስጥ ሆኖ፣ በስስ መለያያ ስላይድ ላይ አስቀምጡት። እንደ ሳንድዊች። ማሞቂያ ከሌላችሁ እንዲህ የታሸገ ሴል ላይ ከግማሽ ሰዓት በላይ አትቆዩ። ማሞቂያ ካለ 37 ዲግሪና 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ እንደ ማንኛውም የሴል ሥራ።

ከሥር በውኃ የሚሠራ 60 እጥፍ ሌንስ፣ ከላይ ደግሞ ብርሃኑን የሚሰበስብ በዘይት የሚሠራ ኮንደንሰር ይቀመጣል። ኃይሉ ሴሉ ላይ ሲደርስ ለእያንዳንዱ ሌዘር ከ20 እስከ 40 ሚሊዋት ይሁን። 512 በ512 ነጥብ፣ በአንድ ነጥብ 4 ማይክሮሰከንድ ስትቆዩ፣ አንድ ምስል በሰከንድ ትንሽ አለፍ ብሎ ያልቃል።

2845 ላይ መጀመሪያ የምታዩት ነጫጭ ፍሬ ነው። የስብ ጠብታዎች ናቸው። ኒውክለሱ ጥቁር ጉድጓድ መስሎ ይታያል፤ ስብ እምብዛም ስለሌለው ነው። 2930 ላይ ስትሄዱ ኒውክለሱ ይወጣል፣ በውስጡ ያሉት ኒውክሊዮለሶችም ይደምቃሉ። ልብ በሉ፤ 2930 የፕሮቲን ብቻ አይደለም፣ ስቡም እዚያ ያበራል። ንጹሕ የፕሮቲን ምስል ከፈለጋችሁ የስቡን ምስል በልኩ መቀነስ አለባችሁ።

በነገራችን ላይ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችም የሚጠቀሙት ይህንኑ ሁለት ቃና ነው። በ2020 የታተመ ጥናት ላይ ከጭንቅላት ዕጢ የተቆረጠ ናሙና በዚህ ዘዴ ተነሥቶ፣ ኮምፒውተር አንብቦት፣ በ150 ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ምርመራው ለቀዶ ሕክምና ክፍሉ ደርሷል። በተለመደው መንገድ ናሙናው በርዶ፣ ተቆርጦ፣ ተቀብቶ እስኪነበብ 20 ደቂቃም 30 ደቂቃም ይፈጃል። ሰውየው ጭንቅላቱ ተከፍቶ እየጠበቀ።

ሦስት ሳምንት የበላኝ ምስል

አሁን ዋናው ነገር። እስካሁን ያልኩትን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ።

ሥራውን በጀመርኩ በስድስተኛው ወር ጉድ የሆነ ምስል አገኘሁ። የሴሉ ዳርቻ በቀጭን ብሩህ መስመር ተከቧል። «ሜምብሬኑ ነው!» አልኩ። ሜምብሬን፣ ማለትም የሴሉ ሽፋን፣ በአብዛኛው ስብ ነው፣ 2845 ላይ መብራቱ አይገርምም። ለሦስት ሳምንት በየቀኑ አነሣሁ። አማረ። አሳመርኩት። በሳምንታዊው ስብሰባ ላይ አቀረብኩት። አንድ ዝምተኛ የሥራ ባልደረባዬ እጁን አነሣና «ቃናውን አንቀሳቅሰሽ አይተሻል?» አለኝ።

አላየሁም ነበር።

ወርጄ ሌዘሩን ከ817 ወደ 833 ወሰድኩት። ቃናው ወደ 2600 ወረደ ማለት ነው። እዚያ ሴል ውስጥ የሚነዝር ነገር የለም። ምስሉ መጥፋት ነበረበት። የስብ ጠብታዎቹ እንደ ሻማ እፍ አሉ። መስመሩ ግን እዚያው ቆሞ ያየኛል።

መስመሩ ቦንድ አልነበረም። አንዱ ሌዘር የሌላውን መንገድ በጥቂቱ ያጣምመዋል፤ በተለይ ውኃና ሴል በሚገናኙበት ዳር። የተጣመመው ብርሃን ሁሉ ከተሰበሰበ ችግር የለም። ከእኔ በፊት የነበረ ሰው ግን የኮንደንሰሩን አይሪስ፣ ማለትም ብርሃን የሚያልፍበትን የሚጠብና የሚሰፋ ቀዳዳ፣ ለሌላ ሥራ ግማሽ ድረስ ዘግቶት ሄዷል። የተጣመመው ብርሃን በአይሪሱ ጠርዝ ይቆረጣል፤ ሳጥኑ ደግሞ «ብርሃን ጎደለ» ይላል። ሦስት ሳምንት ሙሉ የአይሪስ ጠርዝ ነበር ፎቶ የማነሣው። ዘጋው ብዬ የማማው ሰው አለኝ፤ ግን ሳልፈትሽ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ እያንዳንዱን ምስል ሁለት ጊዜ አጥፉት። መጀመሪያ ቃናውን በማንቀሳቀስ፣ እኔ እንዳደረግኩት። ቀጥሎ ቃናውን መልሳችሁ ማዘግያውን ጥቂት ሚሊሜትር በመግፋት፣ ብልጭታዎቹ እንዳይገናኙ። እውነተኛ ቦንድ በሁለቱም ይጠፋል። ቃናው ሲንቀሳቀስ ያልጠፋ፣ ብልጭታው ሲለያይ ግን የጠፋ ነገር ካያችሁ፣ ወይ እንደኔ የተጣመመ ብርሃን ነው፣ ወይ ሁለቱን ሌዘር በአንድነት የሚውጥ ቀለም ነው። አይሪሱን ወለል አድርጋችሁ ክፈቱና ድገሙት። በሁለቱም አልጠፋ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ሙቀት ነው፤ ቅቤው ተመልሶ መጥቷል ማለት ነው። ሙቀት ብልጭታ አይጠብቅም፣ ከብልጭታው በኋላም ይቆያል።

የጠፉትንም ምስሎች አስቀምጧቸው። ባዶ ጥቁር ሥዕል ሃርድ ዲስክ ይሞላል ብላችሁ አትሰርዙ። ገምጋሚ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እነሱን ነው።

ከባዱ ክር

አሁን ወደ 2100። ሴል ውስጥ በተፈጥሮ ከ1800 እስከ 2700 ባለው መሀል የሚነዝር ነገር የለም ማለት ይቻላል። ጸጥ ያለ ሠፈር ነው። በዚያ ሠፈር አንድ ድምፅ ከሰማችሁ ያመጣችሁት እናንተ ናችሁ።

ፓልሚቲክ አሲድ ውሰዱ፤ ካርቦን ላይ ያሉት 31ዱም ሃይድሮጅኖች በዲዩተሪየም የተተኩበት ይሸጣል። ውኃ ውስጥ አይሟሟም፤ አልቡሚን በሚባል የደም ፕሮቲን ላይ አሳፍራችሁ ለሴሉ ስጡት። ፓልሚቲክ አሲድ ሲበዛ ሴል ይገድላል። ስለዚህ እኔ ከ50 ማይክሮሞላር እጀምራለሁ። ጥቂት ሰዓት አቆይታችሁ እጠቡት። ሌዘሩን 2110 ላይ፣ ማለትም 869 ናኖሜትር ላይ ቃኙት። ሌዘሩ ይህን ያህል ሲንቀሳቀስ የብልጭታዎቹ መገናኛ ስለሚዛነፍ በዲዩተሪየም የተሠራ ዲኤምኤስኦ የሚባል ማሟሟያ ጠብታ ላይ እንደገና አስተካክሉ። ዘይቱ እዚህ አይሠራም፤ በዚህ ሠፈር ዘይት ዝም ይላል።

አሁን የሚበራው ከጥቂት ሰዓት በፊት የገባው ስብ ብቻ ነው። ቀድሞ የነበረው 2845 ላይ ይቀራል። አሮጌውንና አዲሱን ስብ በአንድ ሴል ውስጥ ለያችሁ፤ ያውም ቃጭል ሳታንጠለጥሉ። በከባድ ውኃም ይሠራል። ሴሉ ራሱ ዲዩተሪየሙን እየወሰደ አዲስ ስብና ፕሮቲን ላይ ይሰካዋል። ከማንሣታችሁ በፊት ግን በተራ ፈሳሽ እጠቡት፤ ከባዱ ውኃ ራሱ 2500 አካባቢ ሰፊ ጩኸት አለው። የውኃውን ጠርሙስም ክዳኑን ቶሎ ግጠሙ፤ ከአየሩ ተራ እርጥበት እየጠጣ ይቀልላል።

ምልክቱ ደካማ ነው። ተስፋ አትቁረጡ፤ አሥር ምስል አንሥታችሁ አማካዩን ውሰዱ። ዲዩተሪየም ያልተሰጠው ሴልም አጠገቡ ይነሣ። ከዚያ 877 ላይ ወስዳችሁ አጥፉት።

ያ የአራት ኪሎ ልጅ ባለፈው ሐሙስ ማታ የመጀመሪያውን አገኘ። ጠብታዎቹ ማያው ላይ ፍም ይመስሉ ነበር። ፎቶ አንሥቶ ለቤተሰቡ የሚልክ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን እጁን ወደ ሌዘሩ ሰደደና 877 ላይ አደረገው። «ጠፋ፣ እትዬ! ጠፋ!» አለ፣ ሎተሪ እንደደረሰው ሰው።

ስትጨርሱ መጀመሪያ ሌዘሩን ዝጉ፣ ቀጥሎ ናሙናውን አውጡ። አይሪሱን ክፍት አድርጋችሁ ሂዱ። ኮንደንሰሩ ላይ የቀረውን ዘይት በሌንስ ወረቀት፣ ሳትፈትጉ፣ በቀስታ ጥረጉት። ዘይት ትታችሁ ከሄዳችሁ የሚቀጥለው ሰው በሌሊት የሚደውለው ለእኔ ነው።